ክንዷን የሰጠችው ጸሐፊ

አንድ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ስንዱ የምትባል ጸሐፊ ትሠራ ነበር። ሥራዋ ባለጉዳይ የሚነግራትን አቤቱታ በኮምፒውተር መጻፍ ነው። ድንበሩ የተገፋበት፣ ከብቱ የተነዳበት፣ ትዳሩ የፈረሰበት ሁሉ ዳኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት በእሷ እጅ ያልፋል። ጣቶቿ ሲሮጡ የቁልፎቹ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ስለሚመስል ሰዉ «ዝናቧ» የሚል ስም አውጥቶላታል። እሷ ፊት ሲጠሯት ትቆጣለች፤ ስሙ የቀረ ዕለት ግን ቅር የሚላት እሷ ነበረች።

ጽሕፈትን የተማረችው በድሮው የጽሕፈት መኪና ነው። ያ መኪና በመካከላቸው ካርቦን የገባባቸውን ሦስት ወረቀቶች አንድ ላይ ይጎርሳል፤ ፊደሉ ሦስተኛው ወረቀት ድረስ እንዲዘልቅ ቁልፉን በኃይል መምታት ያስፈልግ ነበር። ኮምፒውተር ከመጣ በኋላም ስንዱ መምታቷን አልተወችም። ማሽኑ ነካ ቢያደርጉት ይበቃዋል፤ እሷ ግን ከሥሩ ሦስተኛ ወረቀት ያለ ይመስል ትደበድበዋለች። ኮምፒውተሩ የተቀመጠውም ለልብስ ስፌት ተብሎ በተሠራ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ነው። ወንበሯ ደግሞ ዝቅ ያለ ነበር። ስለዚህ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ፣ የእጆቿን አንጓ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፋ፣ መዳፏን ወደ ላይ ቀልብሳ ቀኑን ሙሉ ትጽፋለች።

በክፍሏ ውስጥ ከእሷና አብሯት ከሚጽፈው ባልደረባዋ ከቢያድግልኝ ወንበር በቀር መቀመጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ባለጉዳዩ ከኋላዋ ቆሞ ይናገራል፤ ሌላው ከእሱ ኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ስንዱ ደግሞ ጨዋ ቤት ያደገች ሴት ናት። ሽማግሌ ቆሞ እያያት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ነውር ይመስላታል። ጀርባዋ ላይ የሰው ትንፋሽ እስካለ ድረስ አታርፍም፤ ትንፋሹ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም ነበር።

ቤት ስትገባ አባቷ ይጠብቋታል። በእርጅና ምክንያት እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እራታቸውን የሚበሉት በእሷ እጅ ነው። ትቆርሳለች፣ ወጡን ታጠቅሳለች፣ አነስ አድርጋ ጠቅልላ ታጎርሳቸዋለች፤ እሳቸውም በእያንዳንዱ ጉርሻ መካከል የዕለቱን ወሬ ይጠይቋታል። ከቀኑ ሥራ ሁሉ ስንዱ የምትወደው ይህንን ነበር።

ሕመሙ ድምፁን አጥፍቶ ነው የመጣው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ይደነዝዙ ጀመር፤ አውራ ጣቷና አመልካች ጣቷ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስላታል። እጇን አራግፋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቀጥሎ አንጓዋ ያቃጥላት ጀመር። በቅባት አሸት አሸት አድርጋ፣ በሻሽ አስራው ጻፈች። ከዚያ ብርጭቆ ከእጇ ማምለጥ ጀመረ። ለሁሉም ምክንያት አላጣችም፤ ብርድ መትቷት ነው፣ ብርጭቆው ረጥቦ ነው፣ ቀልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው። ሰውነቷ ሦስት ጊዜ ነገራት፣ እሷ ሦስቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

አንድ ቀን መሪጌታ ይኄይስ የሚባሉ ሰው ወደ ክፍሏ መጡ። መሪጌታ በብራና ላይ በመቃ ብዕር መጻሕፍት የሚጽፉ፣ ከከተማው በላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ሥር የሚኖሩ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ያመጣቸው ጉዳይ የቤተ ክርስቲያኒቱ የግቢ ድንበር ነበር። አቤቱታው ተጽፎ ሲያልቅ አመሰገኑና ለስንብት እጃቸውን ዘረጉ። ስንዱም መዳፏን ወደ ውስጥ አጥፋ ክንዷን ሰጠቻቸው።

በአገሩ ልማድ ክንዱን የሚሰጥ ሰው እጁ የረጠበ ወይም የቆሸሸ ነው፤ ሊጥ የነካ፣ ጭቃ ያቦካ፣ ከገበታ ያልተነሣ። መሪጌታ ክንዷን ያዝ ሲያደርጉ ፊቷ ተኮማተረ። ለቀቅ አደረጓትና እጇን ገልብጠው ተመለከቱ።

«ምን ነክተሽ ነው?»

«ምንም አልነካሁም፣ የኔታ።»

«እጅሽ ንጹሕ ነው፤ ደረቅም ነው። ታዲያ ለምን ክንድሽን ሰጠሽኝ?»

ስንዱ ቢያድግልኝ እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው ሲጨብጠኝ ያመኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

ጊዜው መስከረም ነበር። መሪጌታም «እኔ በዚህ እጅ አርባ ዓመት ጽፌበታለሁ። ሲመችሽ ብቅ በይና አሠራሬን እዪው» አሏት።

ስንዱ ሳቀች። «የኔታ፣ አይቀየሙኝና፣ እርስዎ በቀን አንድ ገጽ ቢጽፉ ነው። እኔን ይኸው ይህ ሁሉ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል።»

«ልክ ነሽ» አሉ መሪጌታ። «እኔ ግን ለከርሞም እጽፋለሁ።» ወረቀታቸውን አጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ። ነገሩ ትንሽ ቆረቆራት። ቀጣዩ ባለጉዳይ መናገር ስለጀመረ ግን ወዲያው ረሳችው።

በዚያው ሰሞን ፍርድ ቤቱ አንድ የችሎት ጸሐፊ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ለጠፈ። ፈተናው የፍጥነት ነው፤ ለአንድ ሰዓት የሚነበበውን ሳያዛንፉ መጻፍ። ስንዱ ይህን ቦታ ለዓመታት ስትጠብቅ ኖራለች። ከአጥሩ ውጭ ሆና የጻፈችው አቤቱታ ሁሉ ከአጥሩ ውስጥ ምን እንደሚደርስበት ማየት ትፈልግ ነበር። ቢያድግልኝም ተመዘገበ። የከተማው ሰው ግን «ዝናቧ እያለች ማን ይደርሳል» ብሎ ውጤቱን ቀድሞ ጨርሶታል። ስንዱም በዚህ ወሬ ተነሣሥታ፣ ባለጉዳይ ሲያልቅ በዚያው ወንበር ላይ ሆና ትለማመድ ጀመር። እጇ ሲያቃጥላት ጥርሷን ትነክሳለች፤ ከፈተናው በኋላ አርፋለሁ ትላለች።

ለፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እራት ላይ ሆና ለአባቷ የጠቀለለችው ጉርሻ አፋቸው ሳይደርስ ከጣቶቿ መካከል ወድቆ ጭናቸው ላይ አረፈ። ሌላ ጠቀለለች። እሱም ወደቀ። አባቷ ልብሳቸውን ጠራረጉና «እኔ ነኝ የሚንቀጠቀጠው ስል አንቺም ጀመርሽ?» አሏት። እንደ ቀልድ ነበር የተናገሩት፤ ዐይናቸው ግን አልሳቀም። ስንዱ «ደክሞኝ ነው፣ አባዬ» ብላ በማንኪያ አበላቻቸው። ማንኪያውንም ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረችው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ስንዱ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት እንደ ስሟ ዘነበች፤ በአዳራሹ የእሷ ቁልፍ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቀኝ እጇ እየራቃት ሄደ። ጣቶቿ ያሉ ይመስላታል፤ የነኩትን ግን አይነግሯትም። «ከሳሽ» ብላ ስትጽፍ ማሽኑ ላይ ስም የሌለው ነገር ይወጣል። አጥፍታ እንደገና ጻፈች። እንደገና ተበላሸ። አንባቢው አንድ ሙሉ ገጽ ቀድሟት ሲሄድ እጇን ከቁልፉ አነሣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ምን ሆንሽ?» አሏት ፈታኙ።

«እጄ አልታዘዝ አለኝ» አለች። ብድግ ብላ ወጣች። ቦታውን ቢያድግልኝ አገኘው። ደግ ልጅ ስለሆነ በቀጥታ ሊያያት አፍሮ ለሁለት ቀን ራሱን ደፍቶ ሰነበተ።

ስንዱ በሦስተኛው ቀን ክፍሏን ዘግታ ወደ መሪጌታ ይኄይስ ወጣች። መሪጌታ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ዝቅ ባለች መቀመጫ ላይ ሆነው፣ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጽፋሉ። ሰላም ብለዋት ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እሷም ጥግ ይዛ ማየት ጀመረች። ብዕሩን የያዙት ላላ አድርገው ነው፤ ቢመቱት ከእጃቸው የሚወድቅ ይመስላል። አንጓቸው አይቀለበስም፤ የሚንቀሳቀሰው ክንዳቸው ነው። ትከሻቸው የተኛ ነው። ጥቂት መስመር እንደጻፉ ብዕሩን ከብራናው አነሡና ሰንጢ ይዘው ጫፉን መቅረጽ ጀመሩ። ቀርጸው ሲጨርሱ ጣቶቻቸውን ዘርጋ ዘርጋ አድርገው ከማዶ ያለውን ጋራ ተመለከቱ። ከዚያ ተመልሰው ጻፉ። ከጥቂት መስመር በኋላ ደግሞ ያንኑ አደረጉ።

ስንዱ ሦስተኛው ላይ አላስቻላትም። «የኔታ፣ ብዕሩ እኮ ገና አልዶለዶመም።»

«ዐውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይቀርጹታል?»

መሪጌታ ሰንጢውን አስቀመጡ። «ጎልማሳ ሳለሁ እኔም የምቀርጸው ሲዶለዱም ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ከቆላ የመጣ መቃ አገኘሁ፤ ጠንካራ ነው፣ ሙሉ ገጽ ቢጽፉበት ጫፉ አይነካም። ደስ አለኝ። ከዚህ በኋላ በመቅረጽ የሚባክን ጊዜ የለም ብዬ ከማለዳ እስከ ቀትር ሳልነሣ መጻፍ ጀመርሁ። ያን ዓመት እጄ ታመመ። ሁለት ክረምት ብዕር አልያዝሁም። ቁጭ ብዬ ሳስበው ነው የገባኝ፤ ለካስ ያ ደካማው መቃ በየጥቂት መስመሩ ያሳርፈኝ ኖሯል። አሁን ብዕሩ ባይፈልግም እጄ ስለሚፈልግ እቀርጻለሁ።»

ስንዱ የድሮውን የጽሕፈት መኪና አሰበችው። መስመር ባለቀ ቁጥር እጅን አንሥቶ ወረቀቱን የያዘውን ክፍል መግፋት ነበረው። ገጽ ሲያልቅ ወረቀቱን ማውጣት፣ ካርቦኑን ማስተካከል፣ አዲስ ማስገባት ነበረው። ቀለም ያለበት ሪባኑ ሲደርቅ ለመቀየር መነሣት ነበረው። በየደቂቃው ስትረግመው ኖራለች። ኮምፒውተሩ የመጣ ዕለት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ተገላገልሁ ብላ ነበር።

«ያ የድሮው የጽሕፈት መኪና የሚያዘገየኝ ይመስለኝ ነበር» አለች።

«አዲሱስ?»

«አዲሱ አይደክመውም።»

«አንቺስ?» አሏት።

ስንዱ አለቀሰች። ፈተናውን ስትወድቅ አላለቀሰችም ነበር፤ አሁን ግን የአባቷ ጭን ላይ የወደቀው ጉርሻ ትዝ አላትና አለቀሰች። መሪጌታ እስክትጨርስ ጠበቋት።

«የኔታ፣ እጄ ይድን ይሆን?»

«እሱን እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው እንዳይታመሙ መጻፍን ነው፤ የታመመ እጅ የሐኪም ነው። ዛሬውኑ ሂጂ። ደግሞም አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ቀን ከኋላሽ ቆሜ እግሬ እስኪዝል ጠብቄአለሁ። ሰዉን አስቀምጪው፣ ልጄ። ሰው እስካልተቀመጠ ድረስ አንቺ እጅሽን አታሳርፊም።»

ሐኪሙ እጇን አገላብጦ፣ አንጓዋን አጠፍ አድርጎ ጥቂት አቆይቶ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካክቶ አየ። ጅማቷ ማበጡን፣ በአንጓዋ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭም በእብጠቱ መጫኑን ነገራት። «ጣቶችሽ መደንዘዝ ሲጀምሩ ብትመጪ ነገሩ ቀላል ነበር። አሁንም አልመሸም፤ ብትቆዪ ግን ስሜቱ ተመልሶ ላይመጣ ይችል ነበር» አላት። እጇ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ መደገፊያ አሰረላትና ለስድስት ሳምንት ቁልፍ እንዳትነካ ከለከላት። እነዚያ ስድስት ሳምንታት ረዝመውባታል። አባቷ አንድ ምሽት በማንኪያ ስትታገል አይተው፣ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ወደ ትሪው ላኩና አጎረሷት። ግማሹ አፏ ገባ፣ ግማሹ ደረቷ ላይ ቀረ። ሁለቱም ሳቁ።

ወደ ሥራዋ ስትመለስ መጀመሪያ ያስገባችው ነገር ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። ባለጉዳዮች እንዲቀመጡ ነገረቻቸው። ቀጥላ አናጢ ጠርታ የጠረጴዛውን እግሮች አስቆረጠች፤ ክንዷ ከክርኗ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ቁልፉ ላይ እንዲያርፍ። የማሽኑን መስኮት አንገቷን ሳትሰብር እንድታየው በእንጨት ሣጥን ላይ ከፍ አደረገችው። ከሁሉ የከበዳት ቁልፉን በዝግታ መንካት ነው። የዐሥራ ስምንት ዓመት ልማድ ነውና በተናደደ ባለጉዳይ ፊት ትረሳውና ትደበድባለች፤ ከዚያ ታስታውሳለች። አንድ አቤቱታ ስትጨርስ ሌላው ከመጀመሩ በፊት ተነሥታ እስከ በር ትሄዳለች፤ ጣቶቿን ከፈት ከደን እያደረገች ማዶ ማዶውን ታያለች። አቤቱታው የረዘመ እንደሆነም በመካከል ታቆማለች። መጀመሪያ ላይ ሰዉ «ዝናቧ አባራች» እያለ ቀለደባት። አንዳንዱም አጉረመረመ። ውሎ አድሮ ግን ተቀምጦ የሚናገር ሰው ነገሩን አስቦ ስለሚናገር፣ አጥፍቶ እንደገና ማጻፍ ቀነሰና የሚስተናገደው ሰው ቁጥር ከድሮው ብዙም አላነሰም። ቢያንስም እንኳ ስንዱ ወደ ድሮው አሠራሯ አትመለስም ነበር። ጥር ሲገባ አንድ ምሽት የጠቀለለችው ጉርሻ ሳይፈርስ አባቷ አፍ ደረሰ። አባቷ አላምጠው ሲጨርሱ «ትንሽ ጨው ያንሰዋል» ብቻ አሉ።

ዓመት አለፈ። በአንድ የምሳ ሰዓት ቢያድግልኝ ኮቱን እንደለበሰ ከፍርድ ቤቱ ወጥቶ የድሮ ክፍሉን ሊጠይቅ መጣ። ስንዱ ደስ ብሏት ተነሣችና እጇን ዘረጋችለት። እሱ ክንዱን ሰጣት።

ስንዱ ክንዱን አልያዘችም። እጁን አየችው። ንጹሕ ነው፤ ደረቅም ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችው።

«ምኑ?»

«ክንድህን መስጠት የጀመርከው።»

ቢያድግልኝ ለመሳቅ ሞከረ። «ኧረ ሥራ በዝቶ ነው፣ እትዬ ስንዱ። ችሎቱ ፋታ አይሰጥም፤ ዳኞቹም እጄን ነው የሚጠብቁት። የነሐሴው ዕረፍት ሲደርስ አርፋለሁ።»

እጇን እንደዘረጋች ቆየች። «መዳፍህን ስጠኝ» አለችው። ሰጣት። በቀስታ ያዘችው፤ እሱ ግን ሊጨብጣት ቢፈልግም ጣቶቹ አልታጠፉለትም። ይህን ሁለቱም አወቁት፤ የቢያድግልኝ ዐይን ውሃ አቀረረ። አግዳሚው ላይ ሦስት ባለጉዳዮች ተቀምጠው ነበር። ስንዱ ምንም ሳትላቸው ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«በል ተቀመጥ» አለችው። «ከዚህ ሐኪሙ ጋ ነው የምንሄደው።»

ይህን ታሪክ የነገረኝ ሰው እዚህ ላይ ያቆም ነበር፤ እኔ ግን ያላለውን ልጨምር። ድሮ መሣሪያችን ይደክም ስለነበር ከእሱ ጋር እናርፍ ነበር። ዛሬ ከፊታችን ያለው ማሽን አይዶለዱም፣ ወረቀት አይጨርስም፣ ተነሥ አይለንም። ስለዚህ ማረፍን ማወቅ ያለብን እኛ ነን፤ ያውም ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት፣ ገና ምንም ሳይሰማን። የሚጠብቀን ሰው ካለ እናስቀምጠው። ጣታችን መደንዘዝ ከጀመረ ደግሞ ምክንያት አንፈልግለት፤ ቶሎ እንታከም። እስቲ ይህን ከማንበብህ ቀና በልና እጅህን ከፈት ከደን አድርገው። ዛሬ አንድ የሚወድህ ሰው ሰላም ሊልህ ቢመጣ፣ የምትዘረጋለት መዳፍህን ነው ወይስ ክንድህን?